ታዳሚው የሚሰማባቸው ሸክላዎች



የዛሬውን ንግግር በአንድ የንግድ ክርክር ልጀምር። ዓመቱ 1962 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጄምስ ብራውን በዚያ ጊዜ ከከተማ ከተማ እየዞረ የጥቁር አሜሪካውያንን አዳራሾች ይሞላ ነበር፤ ከዚያ ውጭ ግን ስሙ ብዙም አልተሰማም። ኒው ዮርክ፣ ሐርለም ሠፈር፣ 125ኛው ጎዳና ላይ ባለው አፖሎ ቴአትር የሚያቀርበው ዝግጅት ከነታዳሚው ተቀርጾ በሸክላ እንዲወጣለት ፈለገ። ሥራዎቹን የሚያሳትምለት የኪንግ ሬከርድስ ባለቤት ሲድ ናታን እምቢ አለው። ዘፈኖቹ አስቀድመው በነጠላ ሸክላ ተሽጠዋል፤ ሰው ቤቱ ያለውን ዘፈን ጩኸት ስለተጨመረበት ብሎ ሁለተኛ አይገዛም፤ የናታን ክርክር ይህ ነበር። ብራውን ከራሱ ኪስ 5,700 ዶላር ገደማ አውጥቶ ቀረጻውን አስኬደ።

«ላይቭ አት ዚ አፖሎ» በ1963 ወጣ። በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ 66 ሳምንት ከሰንጠረዡ ሳይወርድ ቆየ። ብዙ የሬዲዮ አቅራቢዎች አንድ ዘፈን መርጠው ማጫወቱን ትተው የሸክላውን አንድ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይለቁት ነበር።

ናታን በገበያው ተሸነፈ እንጂ ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። የምናውቀውን ዘፈን፣ ያውም በስቱዲዮ ጠርቶ የተቀረጸውን፣ ከፉጨትና ከጭብጨባ ጋር ደግመን የምንሰማው ስለ ምንድን ነው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ጩኸቱ ከዘፈኑ ውጭ አይደለም። በታላላቆቹ የመድረክ ቅጂዎች ላይ ታዳሚው ራሱ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው። እንደ ድራሙና እንደ ቤዙ የራሱ ድርሻ አለው፤ ያን ድርሻ ካነሣችሁት ዘፈኑ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ሙዚቃ ወዳድ ሊሰማቸው ይገባል የምላቸውን ሸክላዎች ዛሬ የማነሣው በዚህ ጆሮ ነው።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል። ማሲንቆው እየተመታ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ይመልሰዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ ሌላው የራሱን ይጨምራል። በዚያ ሌሊት ከተዘፈነው ግማሹ ከወንበሮቹ የመጣ ነው። አዝማሪው ብቻውን ቢቀረጽ የምናገኘው ግማሹን ብቻ ነው።

በስቱዲዮ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ድራሙ አንድ ቀን፣ ድምፁ ሌላ ቀን ሊቀረጽ ይችላል። ድምፃዊው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ከመስታወት ጀርባ ለብቻው ይቆማል፤ ያልጣመው ስንኝ ይደገማል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ብዙ ድንቅ ሥራ የወጣው በዚህ መንገድ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ዘፋኙ የሚዘፍንለት ሰው ፊቱ የለም። የቱ ላይ ቢያረዝም እንደሚሻል፣ የቱ ላይ ዝም ቢል ቤቱ እንደሚፈነዳ የሚነግረው ማንም የለም።

አፖሎ ላይ የሚነግሩት ነበሩ። ቀረጻው የተደረገው ኦክቶበር 24 ቀን 1962 ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኩባን የከበበበት፣ ዓለም የኑክሌር ጦርነት ይነሣል ብላ የሰጋችበት ዕለት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ ደግሞ በአፖሎ የጀማሪዎች ምሽት ነው። የአፖሎ ሰው ያልጣመውን ጀማሪ በጩኸት ከመድረክ ማባረር የለመደ፣ የወደደውን ደግሞ ወደ ሰማይ የሚያወጣ፣ ፊት አይቶ የማያደላ ታዳሚ ነበር። ብራውን እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከራሱ ጋር ሊያስቀርጽ ገንዘቡን ያወጣው።

«ሎስት ሰምዋን» የሚለውን ዘፈን ስሙ። በነጠላ ሸክላ የወጣው አጭር ነበር፤ እዚህ ከ10 ደቂቃ ያልፋል። ባንዱ ያንኑ አጭር የኮርድ ዙር እየደጋገመ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ብራውን ከዘፈኑ ግጥም ይወጣና ሰዎቹን ማናገር ይጀምራል። አንዲት ሴት ትጮኻለች። እሱ ያን ጩኸት ሰምቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላዋ ከበስተኋላ ትመልሳለች፤ አንዳንዱ ይስቃል፤ እሱ ደግሞ ጩኸቱን እንዲያሰሙት ይጠይቃቸዋል። በደንብ ካዳመጣችሁ ሴቶቹን በድምፃቸው አንድ በአንድ መለየት ትችላላችሁ። ብራውን ቀጥሎ የሚያደርገውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዘፈኑ የረዘመውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ እነሱ ስላልለቀቁት ነው። ሲድ ናታን «ጩኸት» ብሎ የናቀው ይህን ነው።

ይህን ነገር በአንድ ሰው ላይ ለመመርመር የፈለገ ወደ ሳም ኩክ ይሂድ። ኩክ ጃንዋሪ 12 ቀን 1963 ማያሚ ውስጥ፣ ሐርለም ስኩዌር በሚባል የጥቁሮች ክለብ ሲዘፍን የሸክላ ኩባንያው አርሲኤ ቀረጸው። በነጠላ ሸክላዎቹ ላይ የተረጋጋና የጠራ የነበረው ድምፅ እዚህ ይሻክራል፣ ይጮኻል፣ ከሰው ጋር ይጋፋል። ኩባንያው ደነገጠ፤ ለነጭ ገበያ ከሠራለት ስም ጋር አልሄድ ስላለው ቴፑን መጋዘን ከተተው። ኩክ በዲሴምበር 1964 ሞተ፤ ሕዝቡ ያን ምሽት የሰማው በ1985 ነው። በሕይወት እያለ የወጣለት የመድረክ ቅጂ በ1964 ኒው ዮርክ፣ ኮፓካባና በተባለው የእራት ክለብ የተቀረጸው ነበር። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። በኮፓካባና ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ተቀምጦ በጨዋ ደንብ ያጨበጭባል፤ ኩክም በጨዋ ደንብ ይዘፍናል። ዘፋኙ ያው አንድ ሰው ነው፤ የተለወጠው ፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ ነው። እኔ የማያሚውን እመርጣለሁ፤ የሚያህለው የሶል ሙዚቃ ቅጂ ጥቂት ነው።

አሁን ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ኒውፖርት እንሂድ፤ እዚህ ጋር ሰፋ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ሸክላ ታሪክ ከሙዚቃው እኩል አስተማሪ ነውና።

ጁላይ 7 ቀን 1956፣ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል። ዱክ ኤሊንግተን 57 ዓመቱ ነበር። የትላልቆቹ ባንዶች ዘመን አልፏል ተብሎ፣ የሱም ባንድ እንደ ድሮው አይጠራም ነበር። ያን ምሽት መጀመሪያ ወደ መድረክ ሲወጡ አንዳንዶቹ ሙዚቀኞች አልደረሱም፤ ጥቂት ተጫውተው ወረዱ። ሁለተኛ የተመለሱት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ኤሊንግተን በ1937 የደረሰውን፣ «ዲሚኑዌንዶ ኤንድ ክሬሼንዶ ኢን ብሉ» የተባለ ባለ ሁለት ክፍል ሥራ አስጀመረ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ ተነሥቶ እስከፈለገው ድረስ እንዲጫወት ተፈቀደለት። ከኋላው ቤዝ፣ ድራምና የኤሊንግተን ፒያኖ ብቻ ነበሩ።

ጎንሳልቬስ 27 ዙር ተጫወተ። የብሉዝ አንድ ዙር 12 ምት ቤት ነው፤ ይህም ሳያቋርጡ 324 ምት ቤት መጫወት ማለት ነው። በሰባተኛው ዙር ገደማ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች አንዲት ወይዘሮ ከፊት መቀመጫዎቹ ተነሥታ መደነስ ጀመረች። ሰው እሷን ለማየት ተነሣ፤ ወንበር ላይ የወጣ ወጣ፤ ሌሎችም መደነስ ጀመሩ። የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ጆርጅ ዊን ሁከት እንዳይነሣ ሰግቶ እንዲያቆም ለኤሊንግተን ምልክት ሰጠው። ኤሊንግተን አላቆመም። ሥራው ሲያልቅ ግን ጆኒ ሆጅስን አስነሥቶ በእርጋታው ሳክስፎን ሕዝቡን አበረደው፤ ያም ራሱ ትልቅ ብልሃት ነው። በቀጣዩ ወር የኤሊንግተን ምስል በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ ከዚያ ምሽት የመጣው አልበም በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የተሸጠለት ሆነ።

አሁን ወደ ቴፑ ልምጣ። መድረኩ ላይ ሁለት ዓይነት ማይክሮፎን ነበር፤ አንዱ የሸክላው ኩባንያ የኮሎምቢያ፣ ሌላው ዝግጅቱን ለውጭ አገር ለማሰራጨት የሚቀርጸው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ። ጎንሳልቬስ የቆመው በሬዲዮው ማይክሮፎን ፊት ነበር። ስለዚህ በኮሎምቢያ ቴፕ ላይ ያ የ27 ዙር ጨዋታ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። በዚህ ላይ ለፌስቲቫሉ አዲስ የተደረሰው ሥራ ያለ በቂ ልምምድ በመቅረቡ አልጠራም። ኮሎምቢያ ባንዱን ከሁለት ቀን በኋላ ስቱዲዮ አስገብቶ ብዙውን አስደገመና ጭብጨባ ቀጠለበት። ሰው ለአርባ ዓመት ያህል «ኤሊንግተን አት ኒውፖርት» ብሎ ሲያዳምጥ የኖረው ከፊሉ እንዲህ የተሠራ ነው። በ1990ዎቹ የሬዲዮው ቴፕ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ሁለቱ ቴፖች ተገጣጥመው በ1999 ሙሉው ዝግጅት እንደነበረ ወጣ፤ ጎንሳልቬስም በመጨረሻ ከፊታችን ቆመ።

ይህን ያነሣሁት ኩባንያውን ለመክሰስ አይደለም። የተቀጠለውንና የእውነቱን አነጻጽራችሁ እንድትሰሙ ነው። የተቀጠለው ጭብጨባ ዘፈኑ ሲያልቅ ይመጣል፣ እኩል ይጮኻል፣ ይጠፋል። የእውነቱ ግን ከጨዋታው መሐል ይወለዳል። መጀመሪያ ከአንድ አቅጣጫ የአንድ ሰው ጩኸት ትሰማላችሁ፤ ቀጥሎ ማጉረምረም፤ ከዚያ በአንደኛው ዙር መጨረሻና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል መላው ሜዳ አብሮ ይነሣል፤ ድራም መቺው ሳም ውድያርድም ያን ሰምቶ ያጠብቃል። ጎንሳልቬስ አሥረኛው ዙር ላይ ማቆም ይችል ነበር። 27 ያደረሰው ሰው ነው።

ኤሊንግተን ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1973 መጨረሻ፣ ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል፤ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅም ኒሻን ተቀብሏል። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ነው ያረፈው። ከመካከላችሁ ያን ዝግጅት በዓይኑ ያየ ካለ ከንግግሩ በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስታዬ ነው።

የታዳሚው ድምፅ ሐሰት ሲሆን ምን እንደሚደርስ ጆኒ ካሽም ያስተምረናል። ካሽ ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ፎልሰም ወህኒ ቤት ለእስረኞች ሁለት ጊዜ ዘፈነ። ስለዚያው ወህኒ ቤት የሚናገረውን ዘፈኑን ከ12 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበር ያወጣው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ተራኪው በጭካኔ ሰው መግደሉን የሚናዘዝበት ስንኝ አለ፤ በሸክላው ላይ ልክ ያ ስንኝ ሲያልቅ ከእስረኞቹ መሐል የደስታ ጩኸት ይሰማል። ያን ሰምቶ ያልተሳቀቀ አድማጭ የለም። ጩኸቱ ግን በኋላ በሚክሲንግ ጊዜ የተጨመረ ነው። እስረኞቹ በዚያ ቅጽበት አልጮኹም። ጠባቂዎች ቆመው ያዩአቸው ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ስንኝ መጮኽ የሚያመጣባቸውን ያውቃሉ።

ይህ ለእኔ የዚያን ሸክላ ትርጉም ገልብጦታል። የተጨመረው ጩኸት እስረኞቹን በደም የሚደሰቱ ሰዎች አስመስሏቸዋል፤ በእውነት የነበረው ግን ጥንቃቄ ነው፣ የታፈነ ዝምታ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይገባችኋል፦ ካሽ ስለ እስር ቤት ኑሮ ሲቀልድ የሚፈነዳው ሳቅ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ በዝግጅቱ መሐል በድምፅ ማጉያ የሚነገረው የወህኒ ቤቱ ማስታወቂያ ሰዎቹ የት እንዳሉ ያስታውሰናል። መጨረሻ ላይ ካሽ እዚያው የታሰረው ግሌን ሸርሊ የደረሰውን «ግሬይስቶን ቻፕል» የተባለ ዘፈን ይዘፍናል። ዘፈኑን ያጠናው ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ምሽት ነው፤ ደራሲው ከፊት ተቀምጧል። ከወንበር የመጣውን ስንኝ የሚቀበል ዘፋኝ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የአሬታ ፍራንክሊን «አሜዚንግ ግሬስ» ነው። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ይህን ነው።

አሬታ በ1972 መጀመሪያ 29 ዓመቷ ነበር፤ የዓለም ተወዳጅ ድምፃዊት ሆናለች። አባቷ ቄስ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በመላው አገሪቱ ስብከታቸው በሸክላ የሚሸጥ ሰባኪ ነበሩ፤ እሷም መዘመር የጀመረችው በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረው የኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ በልጅነቷ ወደምታውቃቸው መዝሙሮች ተመለሰች። ፒያኖ ላይ ቄስ ጄምስ ክሊቭላንድ፣ ከኋላዋ የደቡብ ካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ መዘምራን፣ ድራም ላይ በርናርድ ፐርዲ፣ ቤዝ ላይ ቸክ ሬይኒ ነበሩ። የስቱዲዮ ሰዎች መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጡ። ምርጫው ትክክል ነበር። እነዚህ መዝሙሮች ያለ ምእመን መልስ አይቆሙም፤ መሪው ይጀምራል፣ ምእመኑ ይመልሳል፣ መሪው በመልሱ ልክ ይቀጥላል። ቤተ ክርስቲያን ያደገ አድማጭ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ይህን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አልበሙን ስም ያወጣለትን መዝሙር ስትሰሙ ሰዓት አትቁጠሩ። ወደ 11 ደቂቃ ይጠጋል፤ የተዘመሩት ስንኞች ግን ጥቂት ናቸው። አሬታ አንዱን ቃል ይዛ በረጅሙ ትስበዋለች፤ መሐሉ ላይ ትንፋሽ ወስዳ ትቆማለች። በዚያ ክፍተት ውስጥ ከመዘምራኑ መሐል አንዷ ትመልሳለች፤ ከምእመናኑ አንድ ሰው ያደፋፍራታል፤ እሷ ከቆመችበት ከፍ ብላ ትነሣለች። እነዚያን ድምፆች ብታጠፏቸው የሚቀረው በጣም ዘገምተኛ መዝሙር ነው። ምሽቱ በፊልምም ተቀርጿል፤ ክሊቭላንድ ዜማው ሳያልቅ ከፒያኖው ተነሥተው ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ ይታያሉ። ሁለተኛው ምሽት ላይ አባቷ ተነሥተው ይናገራሉ፤ ንግግራቸው በሸክላው ላይ አለ። እንዳትዘልሉት።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልጨምር። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ ካሜራዎቹ ሲነሡ ድምፅና ምስል ለማገናኘት የሚመታውን ሰሌዳ ሳያስመታ ቀረጸ። የትኛው ምስል ከየትኛው ድምፅ እንደሚሄድ ማወቅ ስላልተቻለ ፊልሙ ለአሥርተ ዓመታት ተቀመጠ። በኋላ በኮምፒውተር ተገጣጥሞ ሕዝብ ፊት የቀረበው በ2018፣ አሬታ በዚያው ዓመት ኦገስት ካረፈች በኋላ ነው። ሸክላውን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ፊልሙን እዩት፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ታዳሚው ሁልጊዜ የሚረዳ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን የቢል ኤቫንስን የሦስት ሰዎች ባንድ ላስታውሳችሁ። ጁን 25 ቀን 1961 እሑድ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው የምድር ቤት ክለብ፣ ከቀትር በኋላና ማታ አምስት ዙር ተጫወቱ። ፒያኖው እጅግ ሲሳሳ ከበስተኋላ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ፣ ሲስቅ ይሰማል። ጥቂቶቹ ናቸው የሚያዳምጡት። እናም ሦስቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይደማመጣሉ፤ ቤዙን የሚጫወተው ስኮት ላፋሮ ለፒያኖው ጥያቄ ሲመልስ፣ ሲቃወም፣ ሲቀድም ትሰማላችሁ። ላፋሮ ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር። እዚያ ተቀምጠው ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ምን እያለፋቸው እንደነበር አላወቁም። «ዎልትዝ ፎር ዴቢ» የተባለው አልበም ከዚያ ቀን የወጣ ነው።

ከአሜሪካ ስንወጣ የታዳሚው ድርሻ ይበልጥ እንጂ አያንስም። ግብፃዊቷ ድምፃዊት ኡም ኩልሱም ለአሥርተ ዓመታት በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ ከካይሮ በሬዲዮ ትዘፍን ነበር። አንድ ዘፈኗ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ርዝመቱን የሚወስነው ደግሞ ግጥሙ አይደለም። ሰው አንዱን ስንኝ ይደገም ብሎ ይጮኻል፤ ትደግመዋለች፣ ግን እንደ ፊተኛው አይሆንም፤ ደግሞ ይጮኻሉ፣ ሌላ መንገድ ታሳያቸዋለች። ከአረቦችና ከእስራኤል የሰኔ ጦርነት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 1967፣ ፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ ለግብፅ ገንዘብ ለማሰባሰብ የዘፈነችው ተቀርጿል። «አል አጥላል» የተባለውን ፈልጉ። በአረብ አገሮች ሠርተው የተመለሱ ወገኖቻችን ድምፅዋን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል፤ እነሱን ጠይቁ፣ የቱን እንደሚመርጡ ይነግሯችኋል።

ቦብ ማርሌይን ደግሞ ሳልጠራው ብወርድ ይቅር የምትሉኝ አይመስለኝም። «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» በ1974 በስቱዲዮ ሲወጣ ቀለል ያለ፣ በድራም ማሽን የታጀበ ሥራ ነበር። ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በጁላይ 1975 ለንደን ውስጥ ላይሲየም ቴአትር ሲቀርብ ግን ኦርጋኑ መግቢያውን እንደጀመረ አዝማቹን ያነሣው ሕዝቡ ነው። ማርሌይ የሚገባው ከእነሱ በኋላ ነው፤ ዘፈኑም ከስቱዲዮው ዝግ ብሎ፣ ለመዘመር የሚመች ሆኖ ይሄዳል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው፣ እኛም ከሻሸመኔ እስከ አዲስ አበባ በየሻይ ቤቱ የሰማነው ያን የለንደኑን ነው። ስቱዲዮው የሠራውን ሕዝብ እንደገና ሠራው፤ ያሸነፈውም የሕዝቡ ነው።

ይህን ሁሉ ስሰማ ኖሬ አንድ ነገር ይቆጨኛል፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም። የአዲስ አበባ ምሽቶች ምን ነበሩ? ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል በየሌሊቱ ይጫወቱ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ገብቶ የመሸበት ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስኪ አስቡት፤ አብሮ ከማንጋት ሌላ ምርጫ የሌለው ታዳሚና አብሮት የታሰረ ባንድ! አፖሎ ከዚህ በምን ይበልጣል? በእጃችን የቀረው ግን አብዛኛው ያለ ታዳሚ የተቀረጸ ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ በኋላም የካይፋና የሌሎቹ አሳታሚዎች ካሴቶች ሀብታችን ናቸው፤ ባንዱ አብሮ በአንድ ጊዜ የተጫወተባቸው ብዙ አሉ። የሚጎድለው እልልታው ነው፤ «ይደገም» የሚለው ሰው ነው፤ የእስክስታው እግር ነው።

አንድ መልካም ምሳሌ አለን። በ2004 መጀመሪያ ከቦስተን የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያን ዜማዎች ሲያቀርብ ተቀረጸ፤ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያና ሌሎችም አብረውት ተጫውተዋል። ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበሞች ተከታታይ ውስጥ 20ኛው ሆኖ ወጥቷል። ጌታቸው ሳክስፎናቸውን ይዘው ሲገቡ የሕዝቡን ድምፅ አድምጡ። ዜማው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ እንግዶቹም ያን ሲሰሙ አጨዋወታቸውን ሲያጠብቁ ይሰማል።

ዛሬ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በዱባይም ዘፋኞቻችን አዳራሽ ሲሞሉ በሺህ የሚቆጠር ስልክ ይነሣል። ስልኩ የሚይዘው ግን የባለቤቱን ጓደኞች ድምፅና የተሰባበረ ቤዝ ነው። ባለሙያው የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ሚክሰር በቀጥታ የተወሰደውን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሚክሰሩ የሚያውቀው መድረክ ላይ ያሉትን ማይክሮፎኖች ስለሆነ ሕዝቡ ከግድግዳ ጀርባ የቀረ ይመስላል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ሰባት ጊዜ ለምን እንደደገመ በቅጂው ላይ አይታወቅም። መፍትሔው ከአፖሎ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዞሩ ማይክሮፎኖች ከፍ ብለው ይሰቀላሉ፤ ከዘፋኙ ተለይተው በየራሳቸው ትራክ ይቀረጻሉ፤ በኋላ በሚክሲንግ ጊዜ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚሉ ይወሰናል። ከመካከላችሁ ኮንሰርት የምታዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለመድረኩ መብራት ከምታወጡት ጋር ሲተያይ ይህ ትንሽ ነው፤ የሚፈልገው ሁለት ማይክሮፎን፣ ሁለት ተጨማሪ ትራክ፣ ለድምፅ ባለሙያውም ከዝግጅቱ በፊት የሚነገር አንድ ትእዛዝ ነው።